ዘጠና አምስት ዶላር፣ ዘጠና አምስት ብር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የሆቴላችን ናይት ኦዲተር፣ ሌሊት የዕለቱን ሒሳብ የሚዘጉት፣ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ ለጥምቀት ክፍሉን በነፃ ልታድዪው ነው እንዴ ያሰብሽው?» አሉኝ። በእንቅልፍ ልቤ ቀልድ መሰለኝ። «ዘጠና አምስት ብር ይላል እኮ!» ሲሉኝ ግን ብርድ ልብሱን ገፍፌ ተነሣሁ።

ነገሩ የሆነው 2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ጎንደር ውስጥ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ሆቴል ሪዘርቬሽን ክፍል ነበር የምሠራው። የጥምቀትን ሳምንት ዋጋ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ዋጋው በአዳር 95 ዶላር ነው። አዲስ የዋጋ መደብ ስከፍት የገንዘቡን ዓይነት የምታስመርጠው ትንሽ ሳጥን ብር ላይ እንደቆመች ቀረች። ቁጥሩን ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ። ቻናል ማናጀር የምንለው ሲስተም ደግሞ ለሥራው ሰነፍ አይደለም፤ አንድ ቦታ የጻፍነውን ዋጋ ክፍል ለሚሸጡ ድረ ገጾች ሁሉ በደቂቃዎች ያዳርሰዋል። በጊዜው ምንዛሪ አራት ዶላር የማይሞላ ዋጋ ዓለምን ዞረ።

ጋሼ ያዩት የዕለቱን ሒሳብ ሊዘጉ ሲሉ ነው። እስከዚያ አሥራ አንድ ሰው አስይዟል። አንደኛው በአንድ ስም ስድስት ክፍል፣ እያንዳንዱን አራት አራት ሌሊት። ሌላዋ ከዋሽንግተን ለእናቷ አንድ ክፍል ሁለት ሌሊት ይዛ፣ የማስታወሻው ሳጥን ላይ «እናቴ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ እባካችሁ ምድር ቤት ስጧቸው» ብላለች። ሁለቱም የከፈቱት አንድ ገጽ ነው፤ ያዩትም ያንኑ 95 ብር ነው። እኔ ግን ሁለቱን እስከ ዛሬ በአንድ ዓይን ማየት አልሆነልኝም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን በቴሌግራም የደረሰኝ መልእክት ነው። አንዲት ጓደኛዬ ዱባይ ያለ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል በአዳር 11 ዶላር ሲሸጥ የሚያሳይ ስክሪንሾት ላከችልኝ። ከሥሩ «ቶሎ ያዢ፣ ሆቴሉ ጋ እንዳትደውዪ» ይላል። ያቺ ሁለተኛዋ ምክር ናት የከነከነችኝ። ዋጋው የእውነት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስልክ መደወል ምን ያስፈራዋል?

የተሳሳተ ዋጋ ማደን በአሜሪካና በአውሮፓ መንገደኞች ዘንድ ከጨዋታ አልፎ ሙያ ሆኗል። ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ አሳምረው ያውቃሉ፤ ወይ ዜሮ ትጎድላለች፣ ወይ ነጥብ ያለቦታዋ ታርፋለች፣ ወይ እንደ እኔው የአገሩ ገንዘብና ዶላር ይምታታል። ደንብም አላቸው። መጀመሪያ ያዝ፣ ጥያቄ በኋላ። ሻጩን አትቀስቅስ። ክፍሉ እስኪጸና ድረስ የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት አትቁረጥ። በእርግጥ ዋጋው ስሕተት መሆኑን የማያውቅ ሰው የመጨረሻዋን ጥንቃቄ ከየት ያመጣታል?

እያነሡ የሚጥሏቸው ታሪኮችም አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ቬኒስ አጠገብ ኳርቶ ዳልቲኖ የምትባል ከተማ ያለው ክራውን ፕላዛ ሆቴል ክፍሎቹን በአንድ ሳንቲም ሸጠ፤ የዩሮ አንድ መቶኛ ማለት ነው። ስሕተቱ እስኪታይ 1,400 የሚሆን አዳር ተያዘ። ሆቴሉ ቃሉን ጠብቆ አስተናገደ፤ ኪሳራው 90 ሺሕ ዩሮ ገደማ ተባለ። የፈረንጆች 2019 ሲገባ ደግሞ ካቴይ ፓሲፊክ የተባለው አየር መንገድ ከቬትናም ኒው ዮርክ የ16 ሺሕ ዶላር ወንበር ከአንድ ሺሕ ዶላር ባነሰ ሸጦ ተገኘ። አየር መንገዱ በትዊተር ተሳስተናል ብሎ አመነ፤ ቲኬት የያዛችሁ ግን እንኳን ደህና መጣችሁ አለ። ዓለም አጨበጨበለት።

ታዲያ ጭብጨባው ነው የሚያሳስተን። 90 ሺሕ ዩሮ ለዓለም አቀፍ የሆቴል ሰንሰለት የማስታወቂያ ወጪ ናት፤ ጋዜጣ ሁሉ ስሙን በደግ ሲያነሣለት ዋጋዋን ትመልሳለች። የኛ ሆቴል ግን አንድ ሰው ብድር ገብቶ ያቆመው ባለ ሦስት ፎቅ ነው። የዓመቱን ገቢ የሚይዘው በጥምቀት ሳምንት ነው። ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የተናገሩት ነገር «ከደሞዟ ይቆረጣል» የሚል ነበር። ደሞዜ ተቆርጦ የማያልቅ ዕዳ መሆኑን ሲያሰሉት በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ታለፍኩ። እንግዲህ «ሲስተሙ ነው የተሳሳተው» የሚል ሰው ስሰማ ያቺ ደብዳቤ ትታየኛለች። ሲስተም አይሳሳትም፤ የተሰጠውን ነው የሚያደርሰው። ከጀርባው አመሻሽ ላይ የደከማት አንዲት ልጅ አለች።

ፍርድ ቤት ምን ይላል ከተባለ፣ የሲንጋፖሩ የማተሚያ ማሽን ጉዳይ ሆቴል ባይሆንም ልብ ያደርሳል። በጥር 2003 እ.ኤ.አ. ዲጂላንድሞል የተባለ የኢንተርኔት ሱቅ 3,854 የሲንጋፖር ዶላር የሚያወጣ የኤችፒ ሌዘር ፕሪንተር በ66 ዶላር ዘረጋ። አንድ ሠራተኛ ለልምምድ ብሎ በየሳጥኑ የሞላው «66» በስሕተት እውነተኛው ገጽ ላይ ወጥቶ ነው። ሱቁ እስኪነቃ 784 ሰዎች 4,086 ፕሪንተር አዘዙ። ከእነሱ መካከል ስድስት ጓደኛሞች ብቻ 1,606 አዝዘዋል። ሱቁ አልሸጥም ሲል ከሰሱት። እንግዲህ ያጋለጣቸው የራሳቸው የሌሊት ወሬ ነው፤ በቻት ሲጻጻፉ ዋጋው ስሕተት ሳይሆን እንደማይቀር ተነጋግረዋል። ፍርድ ቤቱ ስሕተት መሆኑን አውቀው ነው የተሻሙት ብሎ ፈረደባቸው፤ በ2005 ይግባኙም ያንኑ አጸና። ስሕተት መሆኑን እያወቁ የተሻሙበት ውል ውል አይደለም ማለት ነው።

የኛም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህ አይርቅም። ተሳስቻለሁ ብሎ ውል የሚያፈርስ ሰው ሌላው ወገን የደረሰበትን ጉዳት ይከፍላል ይላል፤ ያ ወገን ስሕተቱን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ግን ካሣ የለውም። ባለ ስድስት ክፍሉና የዋሽንግተኗ ልጅ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ንግድ ባንክን የሚያነሣብኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ሲስተሙ የተናጋበት ሌሊት ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣት የቻሉ ሰዎች፣ ብዙዎቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቷል አለ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደረሰ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብለን ያደግን ሰዎች ነንና ብዙም አልደነቀኝም። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ያኛው የሌላ ሰው ገንዘብ ነው የተወሰደው፤ ማንም «ውሰዱ» አላለም። ሆቴሉ ግን ዋጋ ጠርቷል፣ ገዢውም በተጠራው ዋጋ ተስማምቷል። ሌብነት የሚለውን ቃል እዚህ ማምጣት ነገር ማክረር ነው።

ደግሞም ማወቅ አለማወቅ ለዳኛ ይመቻል እንጂ ሪሴፕሽን ላይ ለቆመ ሰው አይረዳውም። 95 ብር ለጎንደር ሆቴል ስሕተት መሆኑን ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል፤ ከቶኪዮ የሚያስይዝ ሰው ግን ኢትዮጵያ ርካሽ አገር ናት ብሎ ሊያምን ይችላል። የሆቴል ማስያዣው ድረ ገጽ ቡኪንግ ዶት ኮም በውሉ ላይ ግልጽ ስሕተት አያስገድድም ብሎ ምሳሌ ሲሰጥ በ1 ዩሮ የወጣ ቅንጡ ክፍልን ነው የጠቀሰው። መልካም፤ 1 ዩሮ ግልጽ ነው። 40 ዩሮስ? መቶ ዩሮ የነበረ ክፍል በስድሳ ሲገኝ ቅናሽ ነው ወይስ ስሕተት?

ይህ ግራጫ ቦታ ነው ለሆቴሎች ማምለጫ የሆነው። ከተማው ውስጥ ትልቅ በዓል ወይም ውድድር ሲታወጅ፣ ቀድሞ በርካሽ የተያዘን ክፍል «ሲስተም ተሳስቶ ነው» ብሎ ሰርዞ በሦስት እጥፍ የሚሸጥ ሞልቷል። የእንግሊዟ ሊቨርፑል የ2023 እ.ኤ.አ. የዩሮቪዥን ዘፈን ውድድር አስተናጋጅ መሆኗ ሲታወቅ ብዙ እንግዶች እንዲህ ዓይነት የስረዛ መልእክት እንደደረሳቸው አቤት ብለዋል። እኛም ሰፈር ጥምቀት ሲደርስ ድንገት «የሚሳሳት» ሲስተም አይጠፋም፤ ውስጡ ስለነበርኩ አልክድም።

አየር መንገዶች ላይ ይህ ነገር ትንሽ መልክ ይዟል። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቲኬት ከተሸጠ በኋላ ዋጋ መጨመር ከልክሎ ስለነበር፣ አዳኞቹ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. ከለንደን ኒው ዮርክ አጠገብ የሚያደርስ የዩናይትድ አንደኛ ማዕረግ ወንበር በዴንማርክ ክሮነር ከመቶ ዶላር በታች ወጣ፤ እሱን ለማግኘት ግን የሚኖሩበትን አገር ዴንማርክ ብሎ መሙላት ያስፈልግ ነበር። ሺዎች «ዴንማርካዊ» ሆኑ። ዩናይትድ ሰረዘው፣ መሥሪያ ቤቱም አልፈረደበትም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ስሕተት መሆኑን ያስረዳ አየር መንገድ ቲኬቱን መሰረዝ ይችላል፤ ግን ገንዘቡን መልሶ፣ መንገደኛው በዚያ ቲኬት ተማምኖ ያወጣውን ወጪም ይሸፍን አለ። እዚያው አገር ግን ለመንገደኛውም ድርሻ አለው፤ ከበረራው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ቀድሞ የቆረጠ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላል።

ሆቴሎች ይህን ቢወስዱት ነው የምለው። ሁለቱንም ወገን እኩል ሰዓት ይግዛቸው። ለእንግዳው ስሕተት 24 ሰዓት የሚሰጥ ሆቴል፣ ለራሱም ስሕተት 24 ሰዓት ይኑረው፤ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ገንዘቡን በሙሉ ይመልስ፣ እንግዳው በዚያ ተማምኖ ያወጣው ካለ ይክፈል። ሰዓቱ ካለፈ ወይም እንግዳው ቁልፍ ከተቀበለ አበቃ፣ በ95 ብርም ቢሆን ያስተናግድ። «የማይመለስ» ብሎ የሚሸጥ ሆቴል ደግሞ የራሱም ስሕተት አይመለስለት። ስድስት ክፍል የያዘው ሰው በዚህ ስሌት ሊጠቀም ይችላል፤ ይጠቀም፣ ሆቴሉ ሌሊቱን ሒሳብ የሚያይ ሰው ይቅጠር። እንደ ጋሼ ያለ።

በዚያ ጠዋት ለአሥራ አንዱም ደወልን። ዘጠኙ ስቀው ተዉት። የዋሽንግተኗ ልጅ «ልክ ዋጋውን እከፍላለሁ፣ ምድር ቤቱን ብቻ እንዳትከለክሉኝ» ብትል፣ ሥራ አስኪያጁ አፈሩና በያዘችው ዋጋ ይሁንላት አሉ። እናትየው ለሁለት ሌሊት 190 ብር ከፍለው አደሩ። ባለ ስድስት ክፍሉ «ኮንፈርሜሽኑ በእጄ ነው፣ እከሳለሁ» ብሎ ዘጋው፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማንም።

ወር ሳይሞላው፣ ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ደወለ። ከሁለት ሰዓት በፊት ክፍል ይዞ ነበር፣ የማይመለሰውን፣ ቅናሽ ያለበትን። ጥምቀት ጥር 11 ነው ብሎ ጃንዋሪ 11 ላይ ተጭኗል። ጃንዋሪ 11 ጥር 3 ነው። «እህቴ፣ ስምንት ቀን ብቻ ግፊልኝ፣ ልዩነት ካለው እጨምራለሁ» አለኝ። ሥራ አስኪያጁን ጠየቅኩ። ደንቡ ደንብ ነው ተባልኩ፤ እኔም ያንኑ ነገርኩት። ሰውየው ጥምቀትን ዘመድ ቤት አድሮ አከበረ። ጥር 3 ሌሊት ክፍሉ ባዶውን ሲያድር፣ ጋሼ ሒሳቡን ሲዘጉ ከስሙ ጎን «ኖ ሾው»፣ አልመጣም ማለት ነው፣ ብለው ጻፉበት፣ ሙሉ ዋጋ።