ዛፉን ከመቁረጣችሁ በፊት ሽበቱን መዝግቡልን

ከሰፈራችን በታች የነበረው አሮጌ ዋርካ ሰሞኑን ተቆረጠ። መንገዱ ሊሰፋ ነው። ሊስትሮውም፣ ቡና የምታፈላዋም፣ ባጃጅ ጠባቂውም ጥላው ስር ነበሩና ስለ ጥላው ብዙ ተወራ። ሀዋሳ ላይ ፀሐይዋን የሚያውቅ ይፈርዳል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ግንዱ ላይ የነበረው ሽበት።

ሽበት የምለው ግንድና ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚያድገውን አመድማ፣ አንዳንዴም ብርቱካናማ ነገር ነው። ሳይንሱ ላይክን ይለዋል። እናቴ በሽታ መስሏት የጓሮውን ማንጎ በቢላ ትፍቀው ነበር። በሽታ አይደለም። ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ጎጆ ነው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽዌንደነር እ.ኤ.አ. በ1867 ይህን ሲናገር የዘርፉ ሊቃውንት አልተዋጠላቸውም። ክፉኛ ከተቃወሙት አንዱ ፓሪስ ይኖር የነበረው ዊሊያም ኒላንደር ነው።

ኒላንደር እዚህ ላይ ተሳሳተ። ግን አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1866 ፓሪስ መሃል ባለው የሉክሰምበርግ መናፈሻ ያገኛቸውን ላይክኖች ዘርዝሮ ጻፈ። ከ30 ዓመት በኋላ ሲታይ ጠፍተዋል። ላይክን ሥር የለውም። የሚጠጣው ዝናቡንና ጤዛውን፣ የሚመገበው አየር ያመጣለትን ነው። የከሰል ጭስ ድኝ ሲመጣበት ማጣሪያ የለውምና ይሞታል። የከተማዋ አየር መበላሸቱ የታወቀው ቀድሞ የተጻፈ ዝርዝር ስለነበረ ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። ሀዋሳ ባጃጅ በባጃጅ ሆናለች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ጀምሯል። አየራችን ተለውጧል ወይ ቢባል፣ ከምን ጋር እናወዳድረው? የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲያልቅ ወደ 6,000 ዕፅዋት ተመዝግበዋል። ትልቅ ገድል ነው። ላይክን ግን ከፈንገስ ወገን ስለሚቆጠር እዚያ ውስጥ የለም።

አንዳንዱ «ላይክን እንሰብስብ» ሲባል በከረጢት መዛቅ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ተማሪ ሳለሁ ባሌ፣ ሐረና ጫካ ወሰዱን። ኮሶውና አስታው የላይክን ጢም አውጥቷል፤ ከየቅርንጫፉ ክንድ የሚያክል ይንጠለጠላል። ጓጉቼ ሁለት ፌስታል ሞላሁ። ቤት ገብቼ ስፈታው ሻግቷል፣ ሽታው አያስቀርብም። መምህራችን አፍንጫውን ይዞ «ከየትኛው ዛፍ ላይ? በስንት ሜትር ከፍታ?» አለኝ። ዝም። «እንግዲያው ይሄ ቆሻሻ ነው» ብሎ አስጣለኝ። እውነቱን ነው።

ላይክን ፌስታል አይወድም። ወረቀት ነው የሚወደው፤ የጋዜጣ ፖስታ ይበቃዋል። ከግንድ በቢላ ከነቅርፊቱ ስስ አድርጎ ማንሳት፣ ከድንጋይ ደግሞ በመሮና በመዶሻ ከነድንጋዩ መፈልፈል ነው። ትንሽ ብቻ ይወሰዳል፣ ምክንያቱም አንዳንዱ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያድግም። ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥላ ላይ ማድረቅ። ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል፦ ቦታው፣ ከፍታው፣ የዛፉ ዓይነት፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና ተራ ቁጥር። በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል።

የዛፉ ዓይነት ለምን ካላችሁ፣ ላይክን የሚያድግበትን ይመርጣል። ጽድ ላይ የሚወጣው ሁሉ ዋርካ ላይ አይወጣም። የባሕር ዳርቻውም ከተራራው ይለያል። ትምህርት ቤት አሲድ ውስጥ የነከርነው የሊትመስ ወረቀት ቀለሙ ድሮ የሚወጣው በተለይ ባሕር ዳር አለት ላይ ከሚያድግ ላይክን ነበር።

የሚያስደንቀው ደግሞ መለያው ወጥ ቤት ውስጥ መገኘቱ ነው። ቅዳሜ ዕለት ከአንዱ ናሙና ላይ ቆዳውን በምላጭ ፍቄ፣ ነጩ ውስጡ ላይ በረኪና አንዲት ጠብታ ጣልኩበት። ወዲያው ቀይ ሥር የነካው መስሎ ቀላ። ትንሽ ቆይቶ ደበዘዘ። ሌላኛው ንቅንቅ አላለም። ዘመዳሞች የሚመስሉ ሁለት ላይክኖች በዚህ ይለያያሉ። ባለቤቴ «በረኪናው እኮ ለልብስ ነው» ብላኛለች።

የምጠይቀው ቀላል ነው። መንገድ ሲሰፋ ዛፍ መቆረጡ ካልቀረ፣ ቆራጮቹ ከመምጣታቸው በፊት ለባዮሎጂ ተማሪዎች አንድ ቀን ይነገራቸው። ግንዱን ቆሞ ሳለ ይመዝግቡ። ሲወድቅ ደግሞ ማንም ወጥቶ የማይደርስበት ጫፍ መሬት ላይ ይገኛልና እሱንም ይጨምሩ። ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ወንዶ ገነት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የደን ትምህርት ይሰጣል። አንዱ ፖስታ እዚሁ ይቅር፣ ሁለተኛው አዲስ አበባ ብሔራዊ ዕፀ ቤት፣ ማለትም የደረቁ ናሙናዎች ማከማቻ፣ ይሂድ። በአንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ አያዋጣም። የበርሊኑ ዕፀ ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 በቦምብ ሲቃጠል ከሀገራችን የሄዱ ናሙናዎችም አብረው ነድደዋል።

የኛን ዋርካ በተመለከተ ዘግይቻለሁ። ቅርንጫፎቹ መኪና ላይ ሲጫኑ ደርሼ ሦስት ፖስታ ብቻ ሞላሁ። አንድ ሊስትሮ «ጋሼ፣ መድኃኒት ነው እንዴ?» አለኝ። አይደለም አልኩት። እርሳሱን ሰጠሁትና ሣጥኑ ላይ ደገፍ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ዋርካ፣ የላይኛው ቅርንጫፍ፣ ሀዋሳ፣ ቁጥር 3»።