«ምንም አልሆንኩም» ባዩ ጀግና ይወደስ

የበረዶ ላይ ሸርታቴ ብዙ ሙያ አለው። መታጠፍ ሙያ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ፍጥነትን መግታት ሙያ ነው፣ ሰውን ተራራ ከሚያወጣው የወንበር ሊፍት ሳይደናቀፉ መውረድም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከሁሉ የላቀው ግን ጭንቅላትን ተመትቶ ወዲያው መነሳት ነው። ለዚህ ሙያ እስካሁን ሜዳሊያ አለመታሰቡ ግፍ ነው።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ እዩት። እግሩ ላይ የታሰረው የስኪ (የመንሸራተቻው ሰሌዳ) ጠርዝ በረዶውን ይነክስበትና ጀግናችን ይገለበጣል፤ ጭንቅላቱም ከጠነከረው በረዶ ጋር ድው ብሎ ይላተማል። የበረዶው ብናኝ ሳይረግፍ ቀና ይልና በቅድሚያ ማን እንዳየው ያጣራል። ከዚያ መነጽሩን ያቃናል፣ ተፈናጥራ የሄደችውን ስኪ ፈልጎ ያመጣል፣ ከጫማው ሥር የተጋገረውን በረዶ በዘንጉ እያንኳኳ ያራግፋል፣ ተረከዙን ማያያዣው ውስጥ ቀጭ ያደርጋል። በመጨረሻም አውራ ጣቱን ቀስሮ «ምንም አልሆንኩም!» ይላል። የአንጎል ሐኪሞች ለዚሁ ጉዳይ ሲቲ ስካን የሚባል ግዙፍ ማሽን ያስነሳሉ፤ እሱ በአንድ ጣት ጨረሰው።

ምርመራው ይበልጥ የሚደነቀው ደግሞ መርማሪው ራሱ የተመታው አካል በመሆኑ ነው። ጉልበቱ ቢሆን ኖሮ ጭንቅላቱ ያይለት ነበር። አሁን የተመታው ጭንቅላት ስለ ራሱ ይመሰክራል፣ ራሱ ይፈርዳል፣ ራሱን በነጻ ያሰናብታል።

ደግነቱ ሰውነትም በዚህ ጀግንነት ይተባበረዋል። ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ ጆሮ ግንድ አካባቢ፣ የራስ ቅል አጥንት ስስ ነው፤ ከአጥንቱ በስተውስጥ ደግሞ የአንጎልን ጠንካራ ሽፋን የሚመግብ ደም ቅዳ ቧንቧ ተለጥፎ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው አብሮ ሊቀደድ ይችላል። ያኔ ደሙ በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል መጠራቀም ይጀምራል። ሽፋኑ ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ደሙ እያላቀቀ ቦታ እስኪያገኝ ጊዜ ይፈጅበታል። በዚህ መሀል ሰውየው ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ ስሙንና ቀኑን ሳይሳሳት ይናገራል። ደቂቃዎች ሊሆን ይችላል፣ ሰዓታትም ሊሆን ይችላል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ?

የራስ ቅል አይለጠጥም። በውስጡ አንጎል፣ ደምና የአንጎል ፈሳሽ ልክ በልካቸው ተቀምጠዋል። አዲስ ደም ሲጨመር በመጀመሪያ ፈሳሹ ወደ አከርካሪ ይሸሻል፣ ደም መልስ ቧንቧዎቹም ይጨመቃሉ፤ ስለዚህ ግፊቱ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያሳይም። ጀግናችን «እዩኝ፣ ደህና ነኝ» የሚለው በዚህች ሰዓት ነው፤ እውነቱንም ነው። የሚሸሸው ነገር ሲያልቅ ግን ጥቂት ሚሊ ሊትር ግፊቱን ሽቅብ ይሰደዋል። አንጎል መሄጃ ሲያጣ ወደ ታች ይገፋል፣ የዓይን ብሌንን የሚያጠብበው ነርቭ ይጨፈለቃል፣ ብዙ ጊዜም በተመታው ወገን ያለው ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ይቀራል። ከዚያ የደም ግፊት እየጨመረ የልብ ምት ይዘገያል፣ ትንፋሽም ይዛባል። በዚህ ቦታ የተጠራቀመው ደም ከ30 ሚሊ ሊትር ካለፈ ሰውየው ቢያወራም ባያወራም በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት የሐኪሞች መመሪያ ያዛል። 30 ሚሊ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው።

ተዋናይቷ ናታሻ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2009 በካናዳ ኩቤክ ግዛት፣ በሞን ትሬምብላን፣ በጀማሪዎች ተዳፋት ላይ ትምህርት እየወሰደች ሳለ ወደቀች። ሄልሜት አላደረገችም ነበር። ምንም የሚታይ ጉዳት አልነበረባትም፤ ተነስታ ቀልዳለች፣ የተጠራው አምቡላንስም ሳያያት ተመልሷል። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ራሷን ያማት ጀመር። ከሁለት ቀን በኋላ በኒውዮርክ አረፈች። የአስከሬን ምርመራው ያገኘውም ይኸው በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል የፈሰሰ ደም ነበር። በእሷ ቦታ የነበረ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አደረገች። የምናወድሰውም ይህንኑ የሁሉንም ሰው ልማድ ነው።

ጀግናችን ታዲያ ያለ ማስረጃ አይናገርም። «ራሴን አልሳትኩም» ይላል። ግሩም ነው፤ አንጎላቸው ከተናወጠባቸው ሰዎች አብዛኞቹም ራሳቸውን አይስቱም። «ቁልቁለቱ እኮ የልጆች ነው» ይላል። ይህም እውነት ነው። ስኖውቦርድ ጀማሪ፣ ሁለት እግሩ በአንድ ሰሌዳ ላይ ታስሮ፣ በዝግታ እየወረደ የኋላው ጠርዝ በረዶውን ቢነክስበት እጁን እንኳ ሳይዘረጋ በጀርባው ይዘረጋል፤ ጭንቅላቱ ከሁሉም በኋላ፣ ግን ከሁሉም በበለጠ ፍጥነት መሬት ይደርሳል። ማሽን ጠፍጥፎት ሌሊት የበረደው በረዶ ደግሞ የልጆች ተዳፋት ላይም ያው ድንጋይ ነው። «ደም የለም» ይላል። ከአፍንጫው የሚወርደውን እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ በጓንቱ እየጠረገ «ብርዱ ነው» ይላል። በርግጥ በብርድ የማን አፍንጫ የማይፈስ አለ? ከምት በኋላ በአንድ ወገን ብቻ የሚንጠባጠብ፣ ሲያጎነብሱ የሚብስ ፈሳሽ ከተሰነጠቀ የራስ ቅል ሥር የሚወጣ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን እንደሚችል ለጊዜው እንርሳው። ከጆሮ ኋላና በዓይን ዙሪያ የሚወጣው ሰንበርም ለመታየት ሰዓታት ስለሚፈጅበት ፎቶውን አያበላሽም።

ዋናው መከራከሪያ ግን «ሄልሜት አድርጌያለሁ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከልባችን እናጨበጭባለን፤ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተጠቃለው ሲታዩ ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ35 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2022 ከ18 ዓመት በታች ያሉትን፣ ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ ሁሉንም ተንሸራታች ሄልሜት እንዲያደርግ አስገድዳለች። ብቻ ጀግናችን ሄልሜቱ ምን ቃል እንደገባለት አልጠየቀም። የአውሮፓው ኢኤን 1077 ደረጃ ሄልሜቱን ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ጥሎ ይፈትናል፤ ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መካከለኛ ተንሸራታች በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይበራል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ እንደሚሆን የፊዚክስ መምህሩ ነግሮት ነበር፤ ያን ቀን ግን በሐሳቡ ተራራ ላይ ነበር። የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮኑ ማይክል ሹማከር ዲሴምበር 29 ቀን 2013 በፈረንሳይ ሜሪቤል፣ ከተጠረገው መንገድ ውጭ ወድቆ ጭንቅላቱ ድንጋይ ሲመታ ሄልሜት አድርጎ ነበር። ሄልሜቱ ተሰብሯል። ሐኪሞቹ ያለ ሄልሜት ቢሆን ሆስፒታልም ባልደረሰ ብለዋል፤ እንዲያም ሆኖ በመድኃኒት እንዲተኛ ተደርጎ ወራት አልፈዋል።

አደራረጉም ቢሆን የሚያስመሰግን ነው። ጀግናችን ከሥሩ የሱፍ ኮፍያ ይደርባል፣ ማሰሪያውን ለነፋስ ይለቀዋል፣ ግንባሩ እንዲታይም ወደ ኋላ ገፋ ያደርገዋል። ለወጉ ያህል፣ ሄልሜት ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ብቻ ያስተርፋል፣ ከአገጭ በታች ያለው ማሰሪያ አንድ ጣት ያስገባል፣ መነጽሩና ሄልሜቱ መካከል ክፍተት አይኖርም፤ ጭንቅላት ሲነቀነቅም የግንባር ቆዳ አብሮት መንቀሳቀስ አለበት። ውስጡ ያለው ጠንካራ አረፋ ምቱን የሚውጠው ራሱ እየተጨፈለቀ ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ከላይ ያለው ቅርፊት ግን እያብረቀረቀ ይቀጥላል። ስለዚህ ጀግናችን ከከባድ ምት የተረፈውን ሄልሜት አይጥለውም። ሲሰለቸው ለታናሽ ወንድሙ ይሰጠዋል።

ጓደኞቹም ከምስጋናው ድርሻቸው ሊቀርባቸው አይገባም። «ደህና ነህ አይደል?» ሲሉ መልሱንም አብረው ያቀብሉታል። ከዚያ በግራና በቀኝ ክንዱን ይዘው ብድግ ያደርጉታል፤ ጭንቅላትን የመታ ጉልበት አንገትንም እንደሚጎበኝ የሚያስታውስ ምቀኛ በመካከላቸው የለም። ምቀኛ ቢኖር ባለበት እንዲቆይ ያደርገው ነበር። ሁለት ስኪ ከወደቀበት ሽቅብ ወጣ ብሎ በመስቀል ቅርጽ ይተክልና ከላይ የሚመጣውን ያስጠነቅቅ ነበር። ነፍስ አድኖቹን ጠርቶ፣ በመንገዱ ዳር ካለው ምሰሶ የመንገዱን ስምና የምሰሶውን ቁጥር አንብቦ ይነግራቸው ነበር። (የዓለም አቀፉ ስኪ ፌዴሬሽን ከአሥሩ ደንቦቹ ዘጠነኛው በአደጋ ጊዜ መርዳት የእያንዳንዱ ተንሸራታች ግዴታ ነው ይላል፤ አሥሩንም ያነበበ ሰው ግን በሊፍቱ ሰልፍ ላይ አይገኝም።) እስኪመጡም በጥያቄ ያሰለቸው ነበር፦ «አሁን የት ነን? በየትኛው ሊፍት ወጣን? ከመውደቅህ በፊት ምን ስታደርግ ነበር?» ሦስት ቃላት ነግሮት ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልስልኝ ይለው ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ሰውየው «ምን ሆኜ ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ድምፅ ሲደግመው ጓደኞቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ቪዲዮም ይቀርጻሉ። ቀረጻውን እንኳ አንነቅፍም፤ ሰዓቱ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

ምሽት ላይ ጀግናችን ራሱ ይከብደዋል። ምክንያት አያጣም፦ ከፍታው ነው፣ ውሃ አልጠጣሁም፣ መነጽሩ አጥብቆኝ ነው። ሦስቱም በተራራ ላይ ራስን ያሳምማሉ፤ ለዚህም ነው የሚመቹት። ሁለት ብርጭቆ ትኩስ ወይን ይጨምርበታል፤ ደምን የሚያቀጥን አስፕሪንም ያስከትላል፤ ፓራሲታሞል የፈሪ መድኃኒት ነውና። ከዚህ በኋላ ማንም አይደርስበትም። አነጋገሩ ሲንተባተብ ሰከረ ይባላል፣ ደጋግሞ ሲያስመልስ ሰከረ ይባላል፣ ቢቀሰቅሱት አልነቃ ሲል በጣም ሰክሯል ተብሎ ብርድ ልብስ ይደረብለታል። ያልጠጣ አንድ ሰው ቢያንስ 24 ሰዓት አጠገቡ ሆኖ ራስ ምታቱ እየባሰ እንደሆነ፣ ብሌኖቹ እኩል መሆናቸውን፣ እጅና እግሩ አለመድከሙን፣ እንደ ወትሮው መንቃቱን እንዲያይ የሚመክሩት ሐኪሞች ጨዋታ አያውቁም።

ጀግናው በዕድሜ ገፋ ያለና ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነማ ሞገሱ ይጨምራል። በዕድሜ አንጎል እየሟሸሸ ሲሄድ ከሽፋኑ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ደም መልስ ቧንቧዎች ይወጠራሉ፤ በትንሽ ምት ይቀደዱና ቀስ እያሉ ይደማሉ። ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ማንም ሰው አካሄዱ የተበላሸውንና ነገር የሚረሳውን አባት ከዚያች ቀን ውድቀት ጋር አያገናኘውም። «እርጅና ነው» ይባላል።

ወደ ሐኪም መሄዱም ቀላል ነገር አይደለም፤ እዚያ ያሉት በመዘርዘር የተካኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 በግላስጎው የተወለደውን ከ3 እስከ 15 የሚቆጥር የንቃት መለኪያ ያወጣሉ። የካናዳው የሲቲ መመሪያ ደግሞ ከምቱ በኋላ ለደነዘዘ፣ ለረሳ ወይም ራሱን ለሳተ ሰው ዕድሜው 65 ከሞላ፣ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ካስመለሰ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ንቃቱ ወደ 15 ካልተመለሰ፣ ወይም ከምቱ በፊት የነበረውን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከረሳ ሲቲ ይነሣ ይላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስደውን ግን ይህ መመሪያ አያካትተውም፤ እሱን ሐኪሞች ከሌላው በቀለለ ምክንያት ያስነሡታል። ጀግናችን ይህን ሁሉ በአንድ መልስ ይረታዋል፦ የሊፍቱ ቲኬት እስከ ማታ የተከፈለ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ ይህን ብትሰማ ታፍር ነበር።

በማግስቱ ደግሞ እረፍት የሚባል ነገር አለ። አንጎሉ የተናወጠ ሰው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ እረፍት ያደርጋል፤ ከዚያ በስድስት ደረጃ፣ በየደረጃው ቢያንስ 24 ሰዓት እየቆየ፣ ከእርምጃ ተነስቶ ወደ ስፖርቱ ይመለሳል። እንደገና ሊወድቅበት ወደሚችልበት ደረጃ የሚሻገረው ምልክቶቹ ሁሉ ጠፍተው ሐኪም ሲፈቅድለት ነው። ያልዳነ አንጎል ሁለተኛ ሲመታ፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ አልፎ አልፎ በደቂቃዎች ውስጥ አብጦ ሊገድል ስለሚችል ነው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ። ጀግናችን ስድስቱንም ደረጃ ቡናውን ሳይጨርስ ያልፋቸዋል። ብርሃን ዓይኑን ስለወጋው ጠቆር ያለውን መነጽር ይመርጣል፣ ማቅለሽለሹን በትናንቱ ወይን ያሳብባል፣ በዚያችው በተመታች ሄልሜት የመጀመሪያውን ሊፍት ይሳፈራል።