አይከብድም

በእኛ ሰፈር ድንኳን የሚተከለው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ሰው ሲሞት፣ ወይ ሰው ሲዳር። እኔ ደግሞ አልሞትኩም፣ የሚድረኝም አልተገኘም። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ አዲስ ድንኳን ዘርግቼ ካስማ በድንጋይ መምታት ስጀምር ታዲያ ሰፈሩ ግራ ገባው። አጥሩ ላይ ሦስት ጭንቅላት ብቅ አለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ከዘራቸውን ይዘው ከች አሉ።

«ምነው በደህና?»

«ደህና ነው ጋሼ። ድንኳን እየሞከርኩ ነው።»

«ድንኳን ደግሞ ይሞከራል?»

በብስክሌት ላንጋኖ ልሄድ እንደሆነ፣ መንገድ ላይ የማድረውም እዚህ ውስጥ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ዞር ዞር ብለው አዩት። በከዘራቸው ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ተንቀጠቀጠ።

«ስንት ሰው ይይዛል?»

«ሁለት።»

«ለቀስተኛው የት ሊቀመጥ?»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁት። ከፍቷቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ በየወሩ የምትከፍለን ለምንድን ነው? ድንኳን አለን። ስምንት በአሥር፣ ምሰሶው የቧንቧ ብረት። አግዳሚ ወንበር አለ፣ ድስት አለ፣ ብርጭቆ አለ። ሲያስፈልግህ በማመልከቻ ትጠይቃለህ፣ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ከመርካቶ ገዝቶ መምጣት እድሩን መናቅ ነው።»

«በብስክሌት የሚጫን መሆን ስላለበት ነው እኮ ጋሼ።»

«ገረመው ደንቦባ በ1949 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ለአገሩ ብስክሌት ሲጋልብ ድንኳን ተሸክሞ ነበር?»

አልነበረም። ምን ይመለሳል?

ሐሳቡ መጀመሪያም የእኔ አልነበረም። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ነው፣ ስልኩ ላይ አንድ ፂማም ፈረንጅ ቤቱን በብስክሌት ጭኖ ተራራ ሲያቋርጥ አይቶ ልቡ የሸፈተው። «ሴልፍ ሰፖርትድ ይባላል» አለን፣ ማኪያቶውን እያማሰለ። «ምግብህን፣ ውሃህን፣ ማደሪያህን፣ የጎማ መለጠፊያህን ራስህ ይዘህ፣ የሰው እጅ ሳታይ መሄድ ነው።» የሰው እጅ ሳታይ የምትለዋ አንጀቴን በላችው። ከወር እስከ ወር የሰው እጅ ሳያይ የሚዘልቅ ደመወዝተኛ አላውቅም፤ ሳምንት እንኳ ብትገኝ ምናለ ብዬ ተመኘሁ።

ዕለቱኑ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። ዘጠኝ ሰው ገባ። ሰብሳቢ ተመረጠ፣ ጸሐፊ ተመረጠ፣ ገንዘብ የማይዝ ገንዘብ ያዥ ተመረጠ። የግሩፑ ፎቶ ጽጋቡ ግርማይ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ በ2008 በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ላይ የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነውና። በኋላ ሳስበው እሱን መካኒክና ትርፍ ብስክሌት የጫነ የቡድን መኪና ይከተለው ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን መኪናው አይታይም። ከግንቦት እስከ መስከረም በየሐሙሱ ተሰበሰብን። የጠጣነው ማኪያቶ ሁለት ብስክሌት ይገዛል፤ ብስክሌት ያለን ግን ከዘጠኛችን ሁለት ብቻ ነበርን።

መንገዱ ተጠና። ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፤ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰብሳቢያችን በፈጣን መንገዱ እንሂድ ብሎ ነበር። ብስክሌት እንደማያስገቡ ሲነገረው «ብንከፍልም?» አለ። ዱከም ላይ ጥሬ ሥጋ ይበላ ወይስ አይበላ የሚለው አጀንዳ ብቻውን ሦስት ሐሙስ ፈጀ። ከሁሉ ያስፈነደቀን ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ላንጋኖ 1,600 አይሞላም። ቁልቁለት! ፍሬን ያለው ሰው ፔዳል ምን ያደርግለታል? ስለ መልሱ ያነሳ ግን አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ላይም የለም።

ክብደት ላይ ጓደኛዬ ጨካኝ ነው። ከ20 ኪሎ በላይ መጫን ነውር ነው ብሎ ባለ ሁለት ገጽ ዝርዝር አሳትሞ አደለን። ማንኪያ ይፈቀዳል፣ ሹካ አይፈቀድም። ተራ ቁጥር 14 የጥርስ ብሩሽ እጀታ ከወገቡ ይቆረጥ ይላል። በዳቦ ቢላዋ ገዝግዤ ቆረጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሴን በቦረሽኩ ቁጥር ሁለት ጣቴ አፌ ውስጥ ይገባል።

ዝርዝሩ ላይ ያለውን የጎን ቦርሳ ዞሬ ዞሬ ሳጣው ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ትናንት የዘይት ቆርቆሮ የነበረው ዛሬ ሌላ ዕቃ ሆኖ በሚነሳበት ተራ የማይገኝ ነገር የለም። አንዱ በያጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብስክሌቴን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ምን ልትጭንበት ነው?»

«ልብስ፣ ምግብ፣ ድንኳን።»

«ስንት ኪሎ?»

«ሃያ።»

«ለኩንታል ልሥራልህ» አለ። «ሁሉም መጀመሪያ ሃያ ነው የሚለው።»

ከመስኮት ፍርግርግ በተረፈ ብረት ፖርቶመጋላ በየደልኝ። ባዶውን ስድስት ኪሎ ይመዝናል። ለጎን ቦርሳ ደግሞ ሁለት ማዳበሪያ አሰፍቶ፣ አሮጌ ከመነዳሪ ቀዶ ማሰሪያ አበጀልኝ። አንደኛው ማዳበሪያ ላይ «ከእርጥበት ይጠበቅ» የሚል ታትሟል። ማን እንደሚጠብቀው አይልም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቀላሉ ነው። እናቴ «ራስን ችሎ መሄድ» የሚለውን የሰማችው እንደ ስድብ ነው።

«እኔ ሳልሞት?» አለች።

ረቡዕ ማታ ከሥራ ስገባ ሳሎኑ የዘመቻ ዋዜማ መስሏል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ በሰፌድ የተሰጣ ቋንጣ። ዝርዝሩን አውጥቼ ተራ ቁጥር 6ን አነበብኩላት፤ ፓስታ፣ 500 ግራም።

«ምኒልክ በጥቅምት ወጥተው የካቲት አድዋ ላይ ጣልያንን ያሸነፉት ፓስታ ሰንቀው ነው?»

ቋንጣውን «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለች ሁለት ጊዜ ጨመረችበት። እውነቱን ለመናገር በሶን የሚያህል የመንገድ ምግብ ገና አላየሁም። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው፤ እሳት አይፈልግ፣ ድስት አይፈልግ። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ ጨው ወይ ስኳር፣ ጨበጥ ጨበጥ፣ በቃ። ጭኮማ ቅቤ ጠግቦ ስለሚታሽ ቀናት ቢያድር ምንም አይሆንም። ጓደኛዬ ጣት ለምታህል «ኢነርጂ ባር» የሚከፍለውን ሳስብ አዘንኩለት። ችግሩ መጠኑ ነው። እናቴ በኪሎ አታስብም፣ በሰው ነው የምታስበው። «መንገድ ላይ ሰው ቢያጋጥምህስ? ብቻህን ልትበላ?» ስለዚህ የአንድ ሰው ስንቅ የአምስት ሰው ሆነ። አራቱን እስከ አሁን አላጋጠሙኝም።

ስሊፒንግ ባጉን ስዘረጋላት አማተበች። ዚፑን ከእግር እስከ አገጭ ስቤ ሳሳያት ደግሞ «ተነሥ! ተነሥ ከዚያ ውስጥ! መግነዝ ነው የገዛኸው?» ብላ ጮኸች። የአባቴ ጋቢ ገባ። ስሊፒንግ ባጉ ቀርቶ ሳይሆን፣ በተጨማሪ። እህቴ ትንሿን ቡታጋዝ ዓይታ በምን ቡና እንደማፈላ ጠየቀችኝ። በማንቆርቆሪያ ስላት የቤተሰቡን ስም ያጠፋሁ ያህል ደነገጠች። ጀበና ገባ። ከጀበናው ጋር ስድስት ስኒ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ገባ።

«ለአንድ ሰው ስድስት ስኒ?»

«ጎዶሎ ረከቦት ይቀርባል እንዴ!»

እድሩም ቅሬታውን አንሥቶ፣ ኮሚቴው በተገኘበት አንድ ባለ ሁለት ጆሮ ድስት በትውስት ፈቀደልኝ። በሦስት ቅጂ ፈርሜ ተረከብኩ። ዓርብ ማታ፣ ሁሉም ታስሮ ካለቀ በኋላ፣ እናቴ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ጸበል ይዛ ብቅ አለች።

«እማዬ፣ ሁለት ኪሎ ነው እኮ!»

«ጸበል አይከብድም።»

ማዳበሪያው አፍ ላይ አቆመችው፣ እንዳይደፋም ክዳኑን በላስቲክ አሰረችው።

ከመተኛቴ በፊት እውነቱን ልወቅ ብዬ ታክሲ ማቆሚያው ጋ ሚዛን ዘርግቶ ከሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ ባዶዬን ወጣሁ፤ 63። ቀጥሎ ሁለቱን ማዳበሪያ በሁለት እጄ አንጠልጥዬ፣ ድንኳኑን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ጀበናውን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ። ደግሞ አነበበ። 107።

«ፋዘር፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍለው» አለኝ።

44 ኪሎ። የጥርስ ብሩሹ ባይቆረጥ ኖሮስ?

ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተገኘሁ። ብቻዬን። ሰብሳቢው ለቅሶ ነበረበት፣ ጸሐፊው ልጁን አሞት ነበር፣ ባለ ዝርዝሩ ጓደኛዬ ደግሞ በብስክሌቱ ፈንታ የአውራ ጣት ምልክት ላከ። ሰባት የልብ ምልክት የተደረገበት «በርታ፣ አብረንህ ነን!» የሚል መልእክት ግሩፑ ላይ ተለጥፏል።

ቁልቁለቱ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን 44 ኪሎ ከኋላ ሲገፋ ፍሬን ምክር ከመስጠት አያልፍም። ቃሊቲ ላይ የሆነውን እኔና አንድ ሲኖትራክ ብቻ እናውቃለን፤ ለእናቴ እንዳይነገር። ከ21 ማርሽ ሦስቱ ሠሩልኝ። አቃቂ ስደርስ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጎኔ ተጠግቶ እየነዳ «ጀበናዋን ስንት ትላታለህ?» አለኝ። የማትሸጥ መሆኗን ነገርኩት። «ድስቱስ?» አለ። ዱከም ላይ ሥጋው ተሰቅሎ ከሩቅ ጠራኝ፤ በሦስት ሐሙስ ያልተቋጨውን አጀንዳ ብቻዬን በአንድ ደቂቃ ወሰንኩ፣ ግማሽ ኪሎ።

ዕቅዱ ቢሾፍቱን አልፎ ሜዳ ላይ ማደር ነበር። ቢሾፍቱ መግቢያ ላይ ግን አንዲት ሴት አስፋልቱ ዳር ቆማ ነጠላዋን ታውለበልባለች። ጠጋ ስል አክስቴ ናት። ከረፋዱ ጀምሮ ቆማለች፤ እናቴ ደውላላት ነበር።

«እኔ እዚህ እያለሁ ሜዳ ላይ ልታድር? ሰው ምን ይለኛል?»

ዶሮው ተሠርቷል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ የጎረቤት ልጆች ብስክሌቱን ሊገፉ ተሰልፈዋል። ስንቄን ፈትታ አየችና «ምስኪን፣ መንገድ ላይ ምንም ሳትበላ!» ብላ ድፎ ዳቦ ጨመረችበት።

ጠዋት ስነሣ ድንኳኑ ከፖርቶመጋላው ላይ የለም። ወደ ጓሮ ስወጣ አገኘሁት። ካስማው አልተመታም፣ ዘንጉ አልገባም፤ እንዲያው በቁመቱ ፀሐይ ላይ ተነጥፏል። ላዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የዓመቱ ዛላ በርበሬ ተሰጥቷል። አክስቴ ዳሩ ላይ ቁጢጥ ብላ ሙጩን እየለቀመች ታገላብጣለች።

«እንዲህ ያለ ሸራ የት ነው የሚሸጠው? እርጥበት አያሳልፍ፣ አቧራ አይዝ!»

ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። አራተኛውን ጨርሼ ዓይኔን ስገልጥ ቀደም ብሎ የደረቀውን በፌስታል ሞልታ እየቋጠረች ነው።

«ይቺን ለእናትህ ታደርስልኛለህ።»

«እኔ እኮ ገና ወደ ላንጋኖ ነኝ። ወደ ታች።»

«ታዲያ አትመለስም?»

«ዳገቱን?»

ፌስታሉን በአንድ እጇ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነችውና ጸበሉ አጠገብ ሸጎጠችው።

«አይከብድም» አለች።