የግል ዕጩ በማኅበረሰብ ድጋፍ ምክር ቤት መግባቱ መራጩን ይጠቅማልን?

የክርክሩ መነሻ፦ አገር አቀፍ ምርጫ ሲቃረብ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ውጭ የሚወዳደር ፖለቲከኛ የአካባቢውን ማኅበረሰብ ከጎኑ ለማሰለፍ ይነሣል። ይህ ለመራጩ የተሻለ ውክልና ያስገኝለታል ወይስ ድምፁን ያባክንበታል? ሁለት ጸሐፊዎች በጉዳዩ ላይ በጽሑፍ ተከራክረዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦

በብዙ አገሮች ዕጩውን የሚመርጠው መራጩ ሳይሆን ፓርቲው ነው። መራጩ ድምፅ ለመስጠት በሚሰለፍበት ቀን የሚቀርቡለት ስሞች አስቀድሞ በፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተወስነው ያለቁ ናቸው። የተመረጠውም ሰው ለቀጣዩ ዙር ዕጩ ሆኖ የሚቀርበው በዚያው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ በመሆኑ፣ የአካባቢው ጥቅምና የፓርቲው ውሳኔ በተጋጩ ቁጥር ወደ የትኛው እንደሚያደላ መገመት አያስቸግርም። የግል ዕጩ ግን ዕጩነቱን ያገኘው የድጋፍ ፊርማ ካኖሩለት ነዋሪዎች ነው፤ ቢያጠፋም የሚቀጡት እነዚያው ነዋሪዎች ናቸው።

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት የምትገኘው ኢንዳይ የተባለች የገጠር የምርጫ ክልል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ነዋሪዎቹ ሥራቸውን የጀመሩት ዕጩ በመፈለግ አልነበረም። በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እየተቀመጡ ከእንደራሴያቸው ምን እንደሚጠብቁና አካባቢያቸው ምን እንደጎደለው ተወያዩ፤ የተባለው በማስታወሻ ተያዘ፤ ማስታወሻዎቹም ተሰብስበው አንድ ሰነድ ሆኑ። ካቲ ማክጋዋን የግል ዕጩ ሆነው ሲቀርቡ ማኅበረሰቡ ምን እንደሚፈልግ በጽሑፍ ተቀምጦ ጠበቃቸው። በ2013 ምርጫ በሊበራል ፓርቲ እጅ የነበረውን መቀመጫ በ439 ድምፅ ልዩነት ወሰዱ። እሳቸው በ2019 ሲሰናበቱም መቀመጫው ወደ ፓርቲ አልተመለሰም፤ ሌላዋ የግል ዕጩ ሄለን ሄይንስ ተረከቡት። ሰው ሲለወጥ የማይፈርስ አደረጃጀት ከፓርቲ ውጭም ሊገነባ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ተቃዋሚ፦

ተከራካሪዬ ያነሡት የኢንዳይ ታሪክ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያላነሡት ግማሽ አለው። በ2013ቱ ምርጫ መራጮች በአንደኝነት በሰጡት ድምፅ ሲመሩ የነበሩት የሊበራል ፓርቲዋ ዕጩ ናቸው። ማክጋዋን ያሸነፉት፣ የአውስትራሊያ መራጭ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል ስለሚያስቀምጥና ከውድድሩ የወጡት ዕጩዎች ድምፅ በአብዛኛው ወደ እሳቸው ስለተላለፈ ነው። ያው ድምፅ፣ ብዙ ያገኘ ወዲያውኑ በሚያሸንፍበት ሥርዓት ውስጥ ቢቆጠር ኖሮ መቀመጫው ከፓርቲው እጅ ባልወጣ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ሥርዓት ከሚከተሉት አገሮች አንዷ ሕንድ ናት። በ1996 ምርጫ 10,635 የግል ዕጩዎች ለታችኛው ምክር ቤት ተወዳደሩ፤ መቀመጫ ያገኙት 9 ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ የዕጩነት ማስያዣው ከ500 ሩፒ ወደ 10,000 ሩፒ ከፍ እንዲል ተደረገ። ለቀሩት ከ10,000 በላይ ዕጩዎች የወጣው የማኅበረሰብ ድካምና ተስፋ የት እንደገባ ተከራካሪዬ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

ደግሞም ማሸነፍ ብቻውን ምን ያስገኛል? በእንግሊዝ ኪደርሚንስተር ከተማ የሚገኘው ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ክፍሉን ሲያጣ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ጡረታ የወጡት ሐኪም ሪቻርድ ቴይለርም በ2001 ምርጫ ዋየር ፎረስት በተባለው የምርጫ ክልል በ17,630 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ። ይህ የማያሻማ የሕዝብ ፍርድ ነበር። ይሁን እንጂ የድንገተኛ ክፍሉ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ምክንያቱ የሐኪሙ ስንፍና አይደለም። በጀት የሚመድበውና ውሳኔውን የሚቀለብሰው በምክር ቤቱ አብላጫ ያለው ወገን ነው፤ አንድ ሰው የቱንም ያህል ቢታመን ይህን አብላጫ ብቻውን አይፈጥረውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ሕግ ማውጣትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ደጋፊ፦

የሎሚውን ምሳሌ እቀበላለሁ፤ የኔም ክርክር ሸክሙን ማኅበረሰቡ ይከፋፈለው የሚል ነውና። በዋየር ፎረስት ከሥልጣን የወረዱት እንደራሴ የገዢው ፓርቲ አባልና የመንግሥት ሹም ነበሩ። አብላጫው ከእሳቸው ጋር ነበር፤ ነገር ግን የአካባቢያቸውን ሰው ቅሬታ ይዘው መንግሥታቸውን ከመሞገት ይልቅ የሆስፒታሉን ለውጥ ደገፉ። ታዲያ የአብላጫው አባል መሆን ለታማሚው ምን ረባው? ሐኪሙ የድንገተኛ ክፍሉን ባያስመልሱም መራጮቻቸው በ2005 እንደገና መርጠዋቸዋል። መራጩ ውጤትን ብቻ እንደማይመዝንና በስሙ በታማኝነት የሚናገርለትን ሰው እንደሚያከብር የሚያሳየው ይህ ሁለተኛው ምርጫ ነው።

የአንድ ሰው ድምፅ ሁልጊዜ ትንሽ ነው የሚለውም አያስኬድም። በ2010 በአውስትራሊያ ሁለቱ ዋና ዋና ወገኖች ከ150 መቀመጫ 72፣ 72 ይዘው ሲተያዩ፣ የሌበር ፓርቲ መሪዋ ጁሊያ ጊላርድ መንግሥት ለመመሥረት የቻሉት አንድ የግሪንስ ፓርቲ እንደራሴና ሦስት የግል ተመራጮችን ጨምረው ነው። ለ17 ቀናት ያህል በቆየው ድርድር ውስጥ፣ ለወትሮው ከዋና ከተማ ርቀው የሚረሱ የገጠር አካባቢዎች ጥያቄ የመንግሥት ምሥረታ ጉዳይ ሆነ።

ተቃዋሚ፦

ይህን ምሳሌ በማንሣትዎ አመሰግናለሁ፤ ትልቁ ስጋቴ ያለው በትክክል እዚያ ላይ ነው። ከሦስቱ መካከል ሁለቱ፣ ቶኒ ዊንድሰርና ሮብ ኦክሾት፣ የተመረጡት ወደ ወግ አጥባቂዎች በሚያዘነብሉ የገጠር ክልሎች ነበር፤ ድጋፋቸውን ግን ለሌበር ሰጡ። ትክክል ሠሩ ወይም ተሳሳቱ አልልም። ጥያቄዬ፣ ድምፅ የሰጣቸው ገበሬ በምርጫው ዕለት የትኛውን መንግሥት እየመረጠ እንደሆነ ያውቅ ነበርን የሚል ነው። ለፓርቲ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ቢያንስ ይህን ያውቃል። በ2013 ሁለቱም ሳይወዳደሩ ቀሩ፤ መቀመጫዎቻቸውም ከወግ አጥባቂዎቹ ወገን ወደሆነው ናሽናል ፓርቲ ተመለሱ። ስለዚህ መራጩ በምርጫ ሊጠይቃቸው የሚችልበትን ዕድል እንኳ አላገኘም።

ነፃነት የሚለውም ቢሆን በቅርበት መታየት አለበት። ዕጩው በራሪ ወረቀት ያሳትማል፤ አዳራሽ ይከራያል፤ ድምፅ በሚቆጠርበት ሌሊት በየምርጫ ጣቢያው ፊርማውን የሚያኖር ወኪል ማስቀመጥ አለበት። ፓርቲ ይህን በአባላቱ ይሸፍነዋል። የግል ዕጩ ግን ገንዘብ የሚሰጠው ወገን ያስፈልገዋል። በ2022 በአውስትራሊያ ብዙ የግል ዕጩዎች ክላይሜት 200 ከተባለ አንድ የገንዘብ አሰባሳቢ ድርጅት ድጋፍ አግኝተዋል፤ በሕግ የተከለከለ አልነበረም፤ ነገር ግን ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ዕጩዎችን ፍጹም የማኅበረሰባቸው ብቻ ናቸው ለማለት ይከብደኛል። በማላዊ ደግሞ በ2019 ምርጫ 55 የግል ዕጩዎች ምክር ቤት ገብተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ተሸንፈው የወጡ ናቸው።

ደጋፊ፦

የማላዊው ነገር ራሱ የፓርቲዎቹን የውስጥ ምርጫ ያስጠረጥራል እንጂ የግል ዕጩዎቹን አያሳጣም፤ ፓርቲው የጣለውን ሰው ሕዝቡ ካነሣው የተሳሳተው ማን ነው? ስለ ገንዘቡ ያነሡት ግን ተገቢ ስጋት ነው። ማኅበረሰቡ ከእያንዳንዱ ቤት ትንሽ ትንሽ አዋጥቶ የቅስቀሳውን ወጪ ካልሸፈነ፣ ወኪሎቹንም ከራሱ በጎ ፈቃደኞች ካላቆመ፣ ድጋፉ ጭብጨባ ሆኖ ይቀራል። የሰጪዎች ስምና መጠን ከምርጫው ቀን በፊት ለመራጩ መገለጽ አለበት፤ ከምርጫ በኋላ የሚወጣ መግለጫ ለወሳኙ ሰው ዘግይቶ ይደርሳል።

ስለ መንግሥት ምሥረታው ጥያቄም እንስማማ። የግል ዕጩ ምክር ቤቱ እኩል ለእኩል ቢከፈል ድጋፉን በምን መመዘኛ እንደሚሰጥ በቅስቀሳው ወቅት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ሕንድ ከ1985 ጀምሮ የግል ተመራጭ ሆኖ ምክር ቤት የገባ ሰው ከምርጫው በኋላ ፓርቲ ቢቀላቀል መቀመጫውን እንዲያጣ በሕገ መንግሥቷ ደንግጋለች። የማኅበረሰብን አመኔታ ወስዶ ለሌላ ማስረከብ በሕግ ሊገታ እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው።

ተቃዋሚ፦

የሕንዱ ድንጋጌ የሚከለክለው ፓርቲ መቀላቀልን ነው። ፓርቲ ሳይቀላቀል፣ በእያንዳንዱ ረቂቅ ሕግ ላይ ከጻፈው ቃል በተቃራኒ ድምፅ የሚሰጥን ተመራጭ አይነካውም። እንግሊዝ በ2015 ያወጣችው የእንደራሴ ማንሻ ሕግም ቢሆን የሚሠራው እንደራሴው በወንጀል ተፈርዶበት ሲታሰር፣ በሥነ ምግባር ጉድለት ከምክር ቤቱ ሲታገድ ወይም በወጪ አከፋፈል አጭበርብሮ ሲቀጣ ብቻ ነው፤ የተመዘገቡ መራጮች 10 በመቶም ፊርማ ማኖር አለባቸው። ቃል ማፍረስ ከምክንያቶቹ አንዱ አይደለም። የፓርቲ አባል ቃሉን ሲያፈርስ ፓርቲው በሚቀጥለው ምርጫ በየክልሉ ዋጋ ስለሚከፍል ይቆጣጠረዋል፤ የግል ተመራጭ ግን ላለመወዳደር ከወሰነ በኋላ የሚፈራው ነገር የለም። ተከራካሪዬ የጠየቁት የጽሑፍ ቃል መልካም ነው፤ የሚያስፈጽመውን አካል እስካልነገሩኝ ድረስ ግን ድምፄን ለዚያ ወረቀት አልሰጥም።