ማስተካከያ፦ የመብራትና የውሃ ሂሳብ የማን ነው?

ባለፈው ስለ ባሕር ዳር የቤት ኪራይ ስጽፍ ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ። አንደኛው «መብራትና ውሃ ምንጊዜም የአከራይ ዕዳ ነው» ማለቴ ነው። አይደለም። የሚወስነው ስምምነታችሁ ነው። ግቢውን ሙሉ የተከራየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይከፍላል። «መብራትና ውሃን ጨምሮ» ተብሎ የገባ ግን ተጨማሪ ሊጠየቅ አይገባም። በቃል ብቻ ከቀረ ወር በመጣ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው፤ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ተከራዮች «ሂሳቡን በክፍል ብዛት እኩል ይካፈሉ» ብዬ ነበር። እስቲ ፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) አካባቢ አንዲት ክፍል የተከራየ ተማሪ አስቡ። አምፖል ያበራል፣ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል፣ በቃ። ጎረቤቱ ደግሞ እንጀራ ትጋግራለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የእሱ አምፖል ቢበዛ 10 ዋት ነው። ታዲያ እኩል መክፈሉ ምኑ ላይ ነው ፍትሑ?

ሌላም አለ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው። የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አምስት ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመር፣ ማንም ሳያባክን ሂሳቡ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። (ይህን ሳላስብ መጻፌ ያሳፍራል።)

የሚሻለው ለየክፍሉ ቀናሽ ቆጣሪ፣ ማለትም ከዋናው ቆጣሪ ሥር የየክፍሉን ፍጆታ ለብቻ የሚለካ ቆጣሪ፣ ማስገባት ነው። የግቢ ቧንቧ ከሆነ ውሃውን በሰው ብዛት መካፈል ይቀላል። የካርድ ቆጣሪ ካለ ደግሞ ዕቃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ቆጣሪው ላይ ያለውን ቀሪ ሂሳብ ፎቶ አንሱት።