ካርታው ቀላ፤ አፈሩስ የት ደረሰ?

የሐዋሳ ሐይቅ ተፋሰስን የአፈር መከላት የሚያሳዩ ካርታዎች ተዳፋቱን ቀይ ቀብተው ከሥሩ በሄክታር ይህን ያህል ቶን ብለው ይጽፋሉ። ያንን ቁጥር ሐይቅ የገባ ደለል አድርጎ ማንበብ ግን ስህተት ነው።

ካርታዎቹ የሚሰሉበት ቀመር ማባዛት ብቻ ነው፤ የዝናቡ፣ የአፈሩ፣ የተዳፋቱ፣ የሰብሉና የጥበቃው ቁጥሮች እርስ በርስ ይባዛሉ። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ ባስማሙት አሠራር እንሂድ። ዓመታዊ ዝናቡ 950 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ0.562 ተባዝቶ 8.12 ሲቀነስለት የዝናቡ ቁጥር 526 ገደማ ይመጣል። ቡናማ አፈር 0.20፣ ተዳፋቱ 2 ነው እንበል፣ ጤፍ 0.25፣ ጥበቃ የሌለው ማሳ 1። ውጤቱ በዓመት በሄክታር 53 ቶን ገደማ ነው። እዚያው ማሳ ላይ በቆሎ (0.10) ቢዘራ 21 ቶን ይሆናል። የሳተላይት ምስል ላይ ጤፉን በቆሎ ያለ ባለሙያ፣ ሌላው ሁሉ ቢሰምርለት እንኳ፣ ከግማሽ በላይ አጉድሏል።

ቀመሩ ቦረቦርን አይቆጥርም፤ የተነሣው አፈር የት እንዳረፈም አይነግረንም። ከምሥራቅ የሚወርደው ደለል ቀድሞ የሚያገኘው ጨለለቃን ነው፤ ሐይቅ የነበረው ረግረግ የሆነውም ደለሉ እዚያ እየቀረ ነው። የቀረውን ጥቁር ውሃ ወንዝ ሐዋሳ ሐይቅ ያደርሰዋል። ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ ስለሌለው የገባው ደለል እዚያው ይቀራል።

እርከን የተሠራበትን ማሳ ጠጋ ብሎ ላየ ሌላም ነገር አለ። ከእርከኑ በላይ አፈሩ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ወዲያው ከእርከኑ በታች ገርጥቶ በቆሎው ይቀጭጫል። ዝናብ ብቻ ሳይሆን ማረሻም አፈሩን ቁልቁል ይገፋዋል። 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ የምስል ነጥብ ሁለቱን አንድ ላይ ያቀልጣቸዋል።

አፈሩ የያዘው ካርቦንም እንደዚሁ ነው። 53 ቶኑ 1.5 በመቶ ካርቦን ቢይዝ 800 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ጎርፍ ደቃቁንና ቀላሉን አስቀድሞ ስለሚወስድ ትክክለኛው ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ሁሉም ወደ አየር አይተንም፤ ተዳፋቱ ግርጌ ላይ የተቀበረው ቀስ ብሎ ነው የሚበሰብሰው። ስለዚህ ናሙና ከአናት፣ ከወገብና ከግርጌ ይወሰድ፤ ግርጌው ላይ 20 ሴንቲ ሜትር አይበቃም፣ እስከ 1 ሜትር ይቆፈር። የአፈሩን ጥግግት ለመለካት አፈር ውስጥ የሚገባው የብረት ቀለበት በመዶሻ ተቀጥቅጦ ከገባ አፈሩ ይታመቅና የካርቦኑ ክምችት ያለ አግባብ ይበዛል።

የወንዙ ደለል የሚለካውም ጎርፉ ሲመጣ ነው፣ ማታም ቢሆን። በማግስቱ ቢሮ ሲከፈት የሚቀዳው ውሃ ጠርቷል።