ለቀብሩ የወጣችሁ፣ ለምስክርነት የት ነበራችሁ?

የጎጃም ወገኖቼ፣ በተለይም ያን መርማሪ ፖሊስ ለመቅበር ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ የወጣችሁ፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ለቅሷችሁ እውነተኛ እንደነበር አልጠራጠርም። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ሴቶቹ ደረት መትተዋል፤ እድሩም የሚገባውን አድርጓል። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እርሱ በሕይወት ሳለ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ከደጁ የመለሰው ሰው ሁሉ በዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።

ስለ ፖሊስ በጎ ነገር መስማት የሚከብደው እንዳለ አውቃለሁ፤ ምክንያትም አለው። በጣቢያ የተደበደበ፣ ያለ ፍርድ የከረመ ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም። የምናገረው ግን ስለ አንድ ሰው ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ተገዶ የሰጠው ቃልም ማስረጃ እንዳይሆን ተደንግጓል። ይህ ሰው ያንን ድንጋጌ እንደ ጾም ይጠብቀው ነበር። ተጠርጣሪ በጥፊ ሲመታ ያየው የለም። የምስክር ቃል ጽፎ ሲጨርስ ቀስ ብሎ መልሶ ያነብለታል፤ «እንዲህ አላልሁም» ካለው ሰርዞ ይጽፋል፤ እንደገናም ያነባል። አንዲት ባልቴት አሻራቸውን ከሰጡ በኋላ አውራ ጣታቸውን በራሱ መሐረብ ሲጠርግላቸው አይቻለሁ። «ቀለሙ ነጠላዎን እንዳያበላሽብዎት፣ እናቴ» ነበር ያላቸው።

እንግዲህ አስቡት። ዱላ የማያነሣ መርማሪ ከእናንተ አንደበት በቀር ምን አለው? በድንበር ጠብ ሰው ሲገደል፣ በሬ ከበረት ሲነዳ፣ ልጅ ከመንገድ ስትጠለፍ ያየ ዓይን አይጠፋም። እኛ ግን ሽማግሌ ልከን፣ በካሳ ተስማምተን፣ ምስክሮቹን «ታርቀናል፣ ተዉት» እያልን ከፍርድ ቤት ደጅ መለስን። እርቅን አልነቅፍም፤ እርቅ ባይኖር ስንቱ ቤት በደም መላሽ ተዘግቶ ይቀር ነበር። እውነት እንዲቀበር የሚደረገውን ግን እርቅ ብዬ አልጠራውም። አባቶቻችን አውጫጭኝ ሲቀመጡ አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር፤ ካልታወቀም ዕዳውን በጋራ ይከፍላል። ሥርዓቱ የራሱ ግፍ ነበረበት፤ በጠቋሚ ቃል የተጎዳ ንጹሕ ሰው ነበር። ቢሆንም የፈሰሰው ደም የሁሉም ጉዳይ መሆኑን አልካዱም። እኛ መርማሪውን ብቻውን ላክነውና ባዶ እጁን ሲመለስ «ገንዘብ በልቶ ነው» አልነው። በኪራይ ሁለት ክፍል ውስጥ ኖሮ፣ እዚያው ውስጥ የሞተውን ሰው!

ይህን ሐሜት ልጆቹ በትምህርት ቤት ሰምተውታል። ሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ ሲነጋ ሳይተኛ ትንሿን ልጁን በእጁ ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት ነበራቸው። ማታ ማታ ደብተራቸውን ዘርግቶ ሲያርም ሚስቱ «ዛሬ ደግሞ ተከሳሹ ማን ነው?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ወደ ሕመሙ ልምጣ፤ በዚህም የምንገሠጽበት አለና። በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ «ባደረበት ሕመም» ብሎ አለፈው። ሕመሙ የአንጀት ካንሰር ነበር። ይህን የምጽፈው ሚስቱ «ለሌላው ይጥቀም» ብላ ስለፈቀደች ነው። ደም ሲያይ ኪንታሮት ነው ብሎ ቅጠል ቀማሚ ዘንድ ሄደ። ሆዱ አንዴ ይደርቅ፣ አንዴ ይለቅ ጀመር፤ ሰውነቱ ሲቀንስ ቀበቶውን በሚስማር በስቶ አጠበበው። ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። ያፈረው እኛን ነው፤ እንዲህ ያለ ሕመም ስለያዘው ሰው ምን እያልን እንደምናወራ ያውቃል። ዓባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲደርስ በሽታው ጉበቱ ገብቶ ነበር። ይህ ካንሰር ሳይሰራጭ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና የሚድነው ብዙ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን የምንተርተው እኛው፣ በሽታውን የገለጠውን ሰው መቆሚያ እናሳጣዋለን። ታሞ በተኛ ጊዜ ከቤቱ ቡና መጠጣት የተዋችሁ ነበራችሁ። ካንሰር በሲኒ አይጋባም፤ እርግማንም አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መሰጠት ሲጀምር «ያመክናል» ብላችሁ ልጆቻችሁን ያስቀራችሁም አላችሁ። አያመክንም። አስከትቡ። በሰገራው ደም ያየ ሰውም ዕድሜውን ሳይቆጥር ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ኪንታሮት ከሆነ ሐኪሙ ይንገረው።

ከተዝካሩ ወዲህ የዚያን ቤት በር ያንኳኳ ስንት ነው? እህል የሚያዋጣ አይጠፋም፤ ልጆቹ የሚፈልጉት ግን «አባታችሁ አልሰረቀም» የሚላቸውን ሰው ነው። ያን ሐሜት ያወራችሁ ሄዳችሁ በፊታቸው አፍርሱት።

አንድ መዝገብም ሳይዘጋ ቀርቷል። ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ የተገደለው ወጣት ጉዳይ ነው። አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ የጠየቀኝ ስለ እርሱ ነበር፤ «ያዩት ሰዎች መጡ?» አለኝ። አልመጡም። የዚያን ዕለት በዚያ መንገድ የተመለሳችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። የሟች እናት ዛሬም ሰው በገባ ቁጥር ቀና ይላሉ። የምትፈሩ ከሆነ፣ ለምስክሮች ጥበቃ የሚደነግግ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መኖሩን ዕወቁ፤ ዐቃቤ ሕጉን ስለ እርሱ ጠይቁት። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሁለትም ሦስትም ሆናችሁ ሂዱ። መዝገቡን ለተረከበው መርማሪ ያያችሁትን ብቻ፣ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ንገሩት። ቃላችሁ እንዲነበብላችሁ ጠይቁና ፈርሙ።